85 ነው 135? የፖርትሬት ሌንስ ከማስመጣትሽ በፊት ክፍልሽን ለኪ

እህቴ ጥያቄሽን ሁለት ሶስቴ አነበብኩት። ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ ካሜራ አለሽ፣ አብሮት የመጣው 28-70 ሌንስ እና 50 ኤፍ 1.8 አለሽ፣ ሰርግና ፖርትሬት ትሰሪያለሽ፣ ቤት ተከራይተሽ 4 በ5 የምትሆን ክፍል ስቱዲዮ አድርገሻል፣ አክስትሽ ለፋሲካ ከዲሲ ስለሚመጡ አንድ ሌንስ ብቻ ልታስመጪ ነው፣ እና ከሶኒው 85 ኤፍ 1.8፣ ከሲግማው 85 ኤፍ 1.4 እና ከ135 ኤፍ 1.8 የቱን እንደምትመርጪ ግራ ገብቶሻል (85 እና 135 ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ በሚሊሜትር የሚነግሩ ቁጥሮች ናቸው፣ ኤፍ ያለው ደግሞ የቀዳዳው ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። «ሁሉም ሰው 1.4 ካልሆነ ባክግራውንዱ አይጠፋም ይለኛል» ብለሻል። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፣ የሶኒውን 85 ኤፍ 1.8 አስመጪ። ግን ምክንያቱን ሳታነቢ እንዳትሄጂ፣ ምክንያቱም ስራሽ አብዛኛው ውጪ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ የምልሽ ሌላ ነበር።

ሰው ሌንስ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው የአፐርቸሩን፣ ማለትም የቀዳዳውን፣ ቁጥር ነው። እኔ ግን ማንም ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የት ቆመሽ ነው የምታነሺው ብዬ ነው። የዛሬ ሰባት አመት ገደማ አንድ መልስ ላይ 135 ብቻ ይዤ ገባሁ፣ 85ቱን ረዳቴ ይዞት ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። ቤቱ ሳሎን ነው፣ ሶፋው ብፌው ጠረጴዛው ቦታውን ይዞታል፣ ሙሽሮቹ ካባቸውን ለብሰው ግድግዳው ጋ ተቀምጠዋል፣ እኔ ጀርባዬ ብፌው ላይ ተለጥፎ እንኳን የማገኘው ከደረት በላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ለማግኘት በረንዳ ወጥቼ በበሩ በኩል ነበር የማነሳው፣ በመሀል ደግሞ ሰው ይገባል ይወጣል። የሙሽሪት እናት ዳቦውን ሲያስቆርሱ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር አመለጠኝ፣ ያ ፎቶ የለም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሌንሱ ምንም አልጎደለውም፣ ቤቱ ነው ያልበቃው።

ስለዚህ ሜትር አምጪና ክፍልሽን ለኪ። እንዳንቺ ባለ ፉል ፍሬም፣ ማለትም ትልቅ ሴንሰር ባለው፣ ካሜራ ላይ አንድን የቆመ ሰው ከራስ እስከ እግር፣ ከላይም ከታችም ትንሽ ትንሽ ክፍት ቦታ ትተሽ፣ ካሜራውን በቁመቱ ይዘሽ ለማንሳት በ85 ወደ 5 ሜትር፣ በ135 ደግሞ 8 ሜትር መራቅ አለብሽ። ራስና ትከሻ ብቻ ከሆነ በ85 ወደ 1.75 ሜትር፣ በ135 ወደ 2.75 ሜትር። አሁን ያንቺን ክፍል እንይ፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ነው፣ የምትነሳው ሰው ከኋላዋ ካለው የባክግራውንድ ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል ካልራቀች ጥላዋ ጨርቁ ላይ ይወድቃል፣ አንቺም ከነካሜራሽ ከኋላ ግማሽ ሜትር ትፈልጊያለሽ፣ የሚቀርሽ 3 ሜትር ነው። በ3 ሜትር ላይ 135 የሚሰጥሽ ከደረት በላይ ነው፣ 76 ሳንቲም አካባቢ፣ በቃ ሌላ ምንም የለም። 85 ደግሞ ወደ 1.2 ሜትር ይሰጥሻል፣ ከራስ እስከ ጭን መጀመሪያ ማለት ነው፣ ሁለት እርምጃ ስትጠጊ ደግሞ ራስና ትከሻ። እና እዛው 3 ሜትር ላይ ቆመሽ ያ አሁን ያለሽ 50 ሙሉ ሰው ይሰጥሻል። በሌላ አነጋገር 50 እና 85 ሲሆኑ ስቱዲዮሽ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ፣ 50 እና 135 ሲሆኑ ግን መሀሉ ባዶ ነው።

ርቀቱ ለቦታ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፣ ፊትን የሚቀይረውም እሱ ነው። ብዙ ሰው ረጅም ሌንስ ፊት ያሳምራል ይላል፣ ሌንሱ እኮ አይደለም፣ ሌንሱ አርቆ ስላቆመሽ ነው። አፍንጫና ጆሮ መሀል ወደ 12 ሳንቲም አለ በይ፣ ከአፍንጫዋ 60 ሳንቲም ላይ ቆመሽ ካነሳሽ ጆሮዋ 72 ሳንቲም ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ አፍንጫዋ ከጆሮዋ አንፃር 20 ፐርሰንት ተልቆ ይወጣል። 2 ሜትር ላይ ብትቆሚ ልዩነቱ 6 ፐርሰንት ብቻ ነው፣ 3 ሜትር ላይ 4። እንግዲህ ከ2 ወደ 3 ሜትር ስትሄጂ ፊቱ ላይ የምታገኚው ለውጥ ትንሽ መሆኑን አየሽ፣ ትልቁ ለውጥ ያለው ከ60 ሳንቲም ወደ 2 ሜትር ስትወጪ ነው። ደምበኞችሽ በ50ው ሲነሱ «አፍንጫዬ ትልቅ ሆነ» የሚሉሽ ፊታቸውን ፍሬም ለመሙላት በጣም ስለምትጠጊ ነው። 85 ያንን ችግር ይፈታል፣ 135 ከዛ በላይ የሚጨምረው ለፊት ሳይሆን ለባክግራውንድ ነው።

ወደ ባክግራውንዱ እንምጣ፣ ሰዎች 1.4 ካልሆነ የሚሉሽ ላይ። ባክግራውንዱ ምን ያህል እንደሚሟሟ የሚነግርሽ የኤፍ ቁጥሩ ለብቻው አይደለም፣ የሌንሱን ርዝመት ለኤፍ ቁጥሩ ስታካፍዪው የሚመጣው የቀዳዳው ስፋት ነው። 85ን ለ1.8 ስታካፍዪ 47 ሚሊሜትር፣ 85 ለ1.4 ወደ 61፣ 135 ለ1.8 ደግሞ 75። ያንቺ 50 ኤፍ 1.8 ደግሞ 28 ሚሊሜትር ነው፣ 28-70ው 70 ላይ 5.6 ስለሚሆን 12.5 ነው። ሰውየውን ፍሬም ውስጥ በእኩል መጠን ካስቀመጥሽው ከኋላ ርቆ ያለ መብራት ወይ ቅጠል የሚሰራው ክብ ልክ በዚህ ስፋት መጠን ነው የሚያድገው። ስለዚህ ከ28-70ው ወደ 85 ኤፍ 1.8 ስትሄጂ ብለሩ (የባክግራውንዱ መሟሟት) ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፣ ከ50ው ስትሄጂ 1.7 እጥፍ፣ ከዛ 1.4 ብትገዢ የሚጨመርልሽ ወደ 30 ፐርሰንት ነው። አለ ልዩነቱ፣ የለም አልልም፣ ጎን ለጎን ስታደርጊው ይታያል፣ ለብቻው አንዱን ፎቶ ለሙሽራ ብታሳዪ ግን ይሄ 1.8 ነው ብሎ የሚለይ የለም። 30 ፐርሰንቱን ደግሞ በነፃ ማግኘት ይቻላል፣ ሰውየውን ከግድግዳው ወይ ከአጥሩ ሁለት ሶስት ሜትር ወደፊት አምጪው። ግድግዳ ላይ ተደግፎ የቆመን ሰው 1.2ም ቢሆን ከግድግዳው አይለየውም።

አንድ የማይወራ ነገር ልጨምርልሽ። በ135 ኤፍ 1.8 እና በ85 ኤፍ 1.8 ያንኑ ፍሬም ብታነሺ ፊት ላይ ጥርት የሚለው ውፍረት አንድ አይነት ነው ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም በ135ቱ ርቀሽ ነው የቆምሽው። 85ን 1.8 ላይ ከፍተሽ ከ2 ሜትር ስታነሺ ጥርት የሚለው በአጠቃላይ ወደ 6 ሳንቲም ነው፣ በ1.4 ወደ 4.5 ሳንቲም ይወርዳል። 6 ሳንቲም ማለት አይኗ ጥርት ብሎ ጆሮዋ የጠፋ ማለት ነው፣ ፊቷን ትንሽ ዞር ካደረገች ደግሞ የራቀው አይኗም መሄድ ይጀምራል። ለዚህ ነው የ135 ውበት፣ ፊቱን ሳያሳሳ ባክግራውንዱን ብቻ አብዝቶ ያቀልጠዋል፣ 1.4 ግን ሁለቱንም አብሮ ነው የሚያሳሳው። ለሙሽሮች ሁለቱን አንድ ላይ ስታነሺ እንዲያውም 1.8ንም አትጠቀሚ። ከ3 ሜትር በ1.8 ያለሽ 13 ሳንቲም ነው፣ በ2.8 ወደ 20፣ በኤፍ 4 ወደ 29። ሙሽራው ግማሽ እርምጃ ከኋላ ከቆመ 13 ሳንቲም አይበቃሽም። ጥንዶች ስታነሺ 2.8 ላይ ጀምሪ፣ ከሚዜዎች ጋር ሲሆን 4 እና 5.6።

ስቲቭ ማከሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያነሳትን አረንጓዴ አይን ያላትን የአፍጋኗን ልጅ ፎቶ የማያውቅ የለም፣ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሰኔ 1985 ሽፋኑ ላይ ያወጣትን። ያ ፎቶ የተነሳው በኒኮን 105 ሚሜ ኤፍ 2.5 ነው። 2.5! ይሄን የምነግርሽ 1.8ን ለማስተዛዘን አይደለም፣ ፎቶውን ከፍተሽ እዪው፣ ከኋላዋ ያለው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው ሻሿ ቀይ ቡናማ ነው ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ባክግራውንዱን ያረጋጋው ቀለሙና ርቀቱ ነው እንጂ የቀዳዳው ስፋት አይደለም። ጨርቅና ግድግዳ ስትመርጪ ይሄን አስቢ።

1.4 በእውነት የሚጠቅምበት ቦታ ብርሃን ነው። ከ1.8 ወደ 1.4 ሁለት ሶስተኛ ስቶፕ አለው (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃኑ እጥፍ ነው)፣ አዳራሽ ውስጥ በ1.8 አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 የሚያስፈልግሽ ቦታ በ1.4 2000 ይበቃሻል። ኤ ሰቨን ስሪ ላይ 3200 እና 2000 መሀል ያለውን ግሬን ደምበኛ አያየውም፣ አንቺም 200 ፐርሰንት ካላጎላሽው አታዪውም። የፊልም ዘመን ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር። እና ያ የዋጋ ልዩነት፣ ሶኒው ሲወጣ 600 ዶላር አካባቢ ነበር ሲግማው 1,200፣ አንድ ፍላሽ ከነትሪገሩና ከነሶፍትቦክሱ ይገዛልሽና ይተርፋል። ስቱዲዮ አለኝ ብለሻል፣ ስለ ፍላሽ ግን አንድም ቃል አልፃፍሽም፣ ከሌለሽ ብሩን እዛ ላይ አውይው።

ውጪ ስትወጪ ደግሞ የሚያስቸግርሽ የብርሃን ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሀይ ላይ በአይኤስኦ 100 በኤፍ 1.8 የሻተርሽ ፍጥነት 1/8000 ሰከንድ ይደርሳል፣ ያ የካሜራሽ መጨረሻ ነው፣ 1.4 ብትሆኚ ያልፈዋል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ካሜራሽ ላይ ኢ-ፍሮንት ከርተን ሻተር የሚባል ሴቲንግ አለ፣ ክፍት ከሆነ በከፍተኛ ሻተር እና በሰፊ አፐርቸር ስታነሺ ከኋላ ያሉት የብርሃን ክቦች ግማሻቸው ተቆርጦ ይወጣል፣ አንዳንዴ ፍሬሙ ላይ ብርሃኑም ወጥ አይሆንም። ስንቱ ሰው ሌንሱ ተበላሽቷል ብሎ ሸጦታል መሰለሽ። ከ1/1000 በላይ ስትሄጂ አጥፊው። ከዛ ኤንዲ 8 የሚባለውን ብርሃን የሚቀንስ ፊልተር አስመጪ፣ 1/8000ው ወደ 1/1000 ይወርድልሻል። የሶኒው 85 ፊልተር 67 ሚሜ ነው፣ ሲግማው 77፣ 135ቶቹ 82፣ እየሰፋ ሲሄድ ዋጋውም እየጨመረ ነው የሚሄደው። ኤንዲ ከሌለሽ በጥላ ስሪ፣ ወይ ከ10 ሰአት በኋላ ቅጠሪያቸው፣ እሱ ከሁሉም ይሻላል።

አሁን ስለ 85 ኤፍ 1.8 መጥፎ ጎን፣ ምክንያቱም ጉድለት የሌለው እቃ አድርጌ ልሸጥልሽ አልፈልግም። የነጠላ ጠርዝ ላይ ቀለም ያወጣል። ነጭ ነጠላ ወይ የሀበሻ ቀሚስ ፀሀይ መትቶት ከኋላው ጨለም ያለ ነገር ካለ በ1.8 ከፎከሱ ፊት ያለው ጠርዝ ሐምራዊ፣ ከፎከሱ ኋላ ያለው አረንጓዴ ይላል፣ የብር መስቀልና የጆሮ ጌጥ ላይም እንዲሁ። ፈረንጆቹ ሲሞክሩት ጨርቁ ጥቁር ጃኬት ምናምን ስለሆነ ብዙ አያነሱትም፣ የኛ ልብስ ግን ነጭ ነው፣ እኛ ጋ ይጎላል። 2.8 ስትደርሺ አብዛኛው ይጠፋል፣ የቀረውን ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌሩ) ላይ ዲፍሪንጅ በሚለው ታጠፊዋለሽ፣ ግን የጥበቡ ቀለም ራሱ ሐምራዊ ወይ አረንጓዴ ከሆነ ጥበቡንም አብሮ ያደበዝዝብሻል፣ ስለዚህ ሙሉ ፎቶው ላይ አትልቀቂው በብራሽ ጠርዙን ብቻ ንኪ። ሁለተኛ ደግሞ እንጦጦ ላይ ባህር ዛፉ ስር ስታነሺ በቅጠሉ መሀል የሚገባው ብርሃን ፍሬሙ ዳር ላይ ክብ መሆኑ ቀርቶ የድመት አይን ይመስላል። 2.5 አካባቢ ሲሆን ክብ እየሆነ ይመጣል። እኔ እንዲያውም ያ ባህር ዛፍ በጣም ከቀረበ በማንኛውም ሌንስ ስለሚረብሽ ሰውየውን አርቄ ከኋላው ረጅም መንገድ እንዲኖር ነው የማደርገው።

ጥሩ ጎኑ ደግሞ 371 ግራም ብቻ ነው፣ ከጠዋት ሙሽሪት ቤት እስከ ማታ አዳራሽ አንገትሽ ላይ ሆኖ አይከብድም፣ ፎከሱ ፈጣንና ድምፅ የሌለው ነው፣ ጎኑ ላይ ፎከስ መያዣ ቁልፍ አለው፣ አቧራና እርጥበትም እንዲከላከል ተደርጎ የተሰራ ነው። አንድ ነገር ግን ካሜራሽን እዪ፣ ያገለገለ ከሆነ የገዛሽው ፈርምዌሩ (የካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) ከ3.0 በታች እንዳይሆን። ያ ፈርምዌር እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የወጣው፣ ከሱ በፊት አይን ፎከስ ለማድረግ ለብቻው ቁልፍ ተጭነሽ መያዝ ነበረብሽ፣ ከሱ በኋላ ግን ሻተሩን በግማሽ ስትጫኚ ራሱ አይኑን ይከተላል። 1.8 ላይ ያለዚህ መስራት ስቃይ ነው። ሙሽሪት አይነ ርግብ ለብሳ ከሆነ ግን ካሜራው ዳንቴሉን ሊይዘው ይችላል፣ የዛን ጊዜ ትንሹን የፎከስ ነጥብ አይኗ ላይ አድርጊና ሶስት አራት ፎቶ ደጋግሚ። ሻተርሽንም ከ1/200 አታውርጂ፣ የካሜራው ማረጋጊያ ያንቺን እጅ ነው የሚያረጋጋው፣ የሚስቅን ሰው አያረጋጋም።

ሲግማው መጥፎ ስለሆነ አይደለም ያልመረጥኩልሽ፣ በጣም ጎበዝ ሌንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ 630 ግራም አካባቢ ሆኖ መምጣቱ ብዙዎቻችንን አስገርሞናል፣ የሶኒ የመጀመሪያው 85 ጂኤም፣ ማለትም የላይኛው ደረጃ ሌንሱ፣ 820 ግራም ነበርና። የቀለም ጠርዙን ከሶኒው 1.8 በጣም በተሻለ ይቆጣጠራል፣ ነጭ ልብስ ላይ ይሄ ቁም ነገር ነው፣ እና ከሁለት አመት በኋላ ስራሽ አድጎ ዋጋው ካልከበደሽ ያኔ በነጠላው ምክንያት ግዢው እንጂ በብለሩ ምክንያት አይሁን። ራው (ካሜራው ያላቀነባበረውን ፋይል) ስታነሺ ላይትሩም ላይ የሌንስ ፕሮፋይሉን ማብራትሽን ግን እንዳትረሺ፣ ሌንሱ መስመሮችን ወደ ውስጥ ያጎብጣል፣ ሶፍትዌር ነው የሚያስተካክለው።

135 ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የምወደው ሌንስ እሱ ነው። ቤተክርስቲያን ተክሊል ሲሆን መጠጋት ስለማይቻል ከኋላ ቆመሽ ካህኑ ዘውዱን ሲጭኑ የሙሽሪትን አይን ታገኚያለሽ፣ ግዮን የመሰለ ሰፊ ግቢ ውስጥ 8 ሜትር ርቀሽ ሙሉ ቬሎዋን ከነጅራቱ አንስተሽ ከኋላ ያለው ዛፍ ሁሉ ቀለም ብቻ ሲሆን ታያለሽ፣ በ85 ያ ነገር አይመጣም። የሶኒው 135 ጂኤም 950 ግራም ነው፣ ሲወጣ 1,900 ዶላር አካባቢ። ሳምያንግ እ.ኤ.አ. በ2022 ክብደቱ 772 ግራም የሆነ 135 አውጥቷል 1,000 ዶላር አካባቢ፣ ቪልትሮክስ በ2024 በ900 አካባቢ፣ ይሄኛው ግን ከ1.2 ኪሎ በላይ ነው፣ ሙሉ ቀን ሰርግ ላይ ክንድሽ ይነግርሻል። ከስራሽ ውስጥ ከግማሽ በላይ ውጪ ከሆነ፣ ማለትም ስቱዲዮው ለስም ያህል ከሆነ፣ 85ቱን ተይውና ሳምያንጉን አስመጪ፣ ከ50ው ጋር ውጪ ላይ ሁለቱ ይበቁሻል። ይሄንን በግምት አትወስኚ፣ ላይትሩም ላይ ያለፈውን አመት ፎቶ ክፈቺና ለደምበኛ የሰጠሻቸውን ብቻ እዪ፣ ስንቱ ቤት ውስጥ ነው ስንቱ ውጪ፣ በ28-70ው ካነሳሻቸው ስንቱ 70 ላይ ተገትሮ ነው። 70 ላይ የተገተሩት ከበዙ እጅሽ 85 እየጠየቀ ነው።

ይሄንን የምታነቡ ካኖን ያላችሁ፣ ለአር ማውንት፣ ማለትም ለአዲሶቹ ካሜራዎች የሌንስ መግጠሚያ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ከዲኤስኤልአር ዘመን የቀረውን 85 ኤፍ 1.8 ወይ 135 ኤፍ 2 ኤል በአዳፕተር ሞክሩት፣ ፎከሱ በሚገባ ይሰራል፣ ዋጋውም አይገናኝም። ፉጂ ወይ ሶኒ 6400 ያላችሁ ደግሞ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ በ85 ሙሉ ሰው ለማንሳት ከ7.5 ሜትር በላይ ትፈልጋላችሁ፣ የናንተ 85 ማለት 56 ነው።

ወደ አክስትሽ ልመለስ። ስትነግሪያቸው «85 የሶኒ» ብለሽ ብቻ አትተይው፣ ሳጥኑ ላይ ኤስኢኤል85ኤፍ18 የሚል መሆኑን ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ። ኤስኤኤል ብሎ የሚጀምረው የድሮው ኤ ማውንት ነው፣ ካሜራሽ ላይ ያለ አዳፕተር አይገባም፣ እንደዚህ ተሳስቶ መጥቶባቸው ሻንጣ ውስጥ የቀረባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ከመምጣታቸው ቢያንስ ሶስት ሳምንት ቀድመው ይዘዙት፣ እዛ ሶኒ ካሜራ ያለው ሰው ፈልገው አስገብተው አንድ የመፅሐፍ መደርደሪያ ፊት ለፊት በ1.8 ያንሱበትና ፋይሉን ይላኩልሽ፣ የግራው ጠርዝና የቀኙ እኩል ጥርት ካላለ እዛው መልሰው ይቀይሩት፣ እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚመልስልሽ የለም። 67 ሚሜ ኤንዲ 8 አንድ፣ ትርፍ የፊት ክዳን አንድ አብረው ይያዙ፣ ሁዱ (ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠመው የፀሀይ መከላከያ) ከሳጥኑ ጋር ይመጣል። የክፍልሽን ልክና ያ ላይትሩም ላይ የቆጠርሽውን ፃፊልኝ፣ ሰርጎቹ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ስለሚበዙ እስከዛ 50ውን ይዘሽ በ2 ሜትር ርቀት ላይ መስራት ልመጂ፣ ፎቶውን በኋላ ቆርጠሽም ቢሆን።